ለመርዳት ሰው መሆን ይበቃልን?

አንባቢ ሆይ፥ ከመገናኛ ተነሥተህ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል ወደ ምሥራቅ የሄድህ እንደ ሆነ አያት ወደሚባለው ሰፈር ትደርሳለህ። በዚያም መቄዶንያ የሚባል የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ይገኛል። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በጥቂት ሰዎች የጀመሩት ሥራ ነው፤ ከዚያም ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ጧሪ ያጡ ሽማግሎችና ባልቴቶች፥ ወገን የረሳቸውም የአእምሮ ሕሙማን በሺህ እየተቈጠሩ ከየጎዳናው ተነሥተው ተጠልለውበታል። የሚገባውም ሰው ከየት ነገድ እንደ ተወለደ ወይም በምን ሃይማኖት እንደሚጸልይ ተጠይቆ አይደለም። ማዕከሉ በየስፍራው የሚያስነግረው አንድ ቃል አለው፤ እርሱም፥ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚል ነው።

ይህን ቃል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ወንጌልን ለማስተማር የተጠራሁ ሰው በመሆኔ መጀመሪያ በሰማሁት ጊዜ ደስ አለኝ፤ ጥቂት ቆይቼም ታወክሁ። ደስ ያለኝ እውነት ስለ ሆነ ነው። የታወክሁትም ስለዚሁ ነው፤ ሰው መሆን የሚበቃ ከሆነ፥ እኛ በየሰንበቱ የምንሰብከው እምነት በድኃው ዘንድ የሚጨምረው ምንድር ነው? በኮተቤ የሚማር አንድ ወጣት ይህንኑ ጥያቄ ሳላስበው በፊቴ አቆመው። «ጋሼ፥» አለኝ፥ «አንድ ቀን እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያላየሁት ጎረቤታችን የታመመውን ለማኝ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ሲወስደው አይቻለሁ። በዚያው ቀን መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ ሰዎች አልፈውት ሄደዋል። እንግዲህ እምነታችሁ ለዚያ ለማኝ ምን ጠቀመው?»

የሰጠሁት መልስ ዛሬ ያሳፍረኛል። ያለ እምነት የተሠራ በጎ ሥራ በእግዚአብሔር ዘንድ አይቈጠርም ብዬ፥ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁትን ሳላጎድል ደገምሁለት። ወጣቱ አልተከራከረኝም። እጅ ነሣኝና ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ አላየሁትም። ትምህርቱ ሐሰት ነበረ አልልም፤ ሰው በሥራው አይጸድቅም የሚለውን ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን እርሱ የጠየቀኝ ጎረቤቱ ይጸድቃል ወይስ አይጸድቅም ብሎ አልነበረም፤ የጠየቀኝ ስለ እኛ ነበር። እኔም ስለ እኛ የተጠየቅሁትን ስለ ሌላ ሰው መለስሁ።

በዚያ ሰሞን የሉቃስን ወንጌል 10ኛውን ምዕራፍ እንደ ገና አነበብሁ። ታሪኩን አንተም ታውቀዋለህና አላረዝመውም። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑ አይቶት አለፈ፥ ሌዋዊውም አለፈ፤ ሳምራዊው ግን ቆመ። ልጆች ሳለን ይህን ስንማር ሳምራዊ ማለት ደግ ሰው ማለት ይመስለን ነበር። በአይሁድ ጆሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ሳምራዊ ማለት አምልኮው የተበላሸ፥ በተሳሳተ ተራራ ላይ የሚሰግድ፥ ከእርሱም ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀመጡበት ሰው ማለት ነበር። ጌታችን ያን ካህን በሌላ ካህን ወይም በአንድ አይሁዳዊ ገበሬ ሊያሳፍረው ሲችል፥ ሆነ ብሎ ሃይማኖቱ ትክክል አይደለም የተባለውን ሰው አቆመልን። እንግዲህ ተማሪው የነገረኝ የጎረቤቱ ነገር ከዚህ ምሳሌ በምን ይለያል? እኔስ በዚያ መልሴ ከማን ወገን ቆምሁ?

ስለዚህ የመቄዶንያን ቃል ክርስቲያን ሊቃወመው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሮአል ብለን የምናስተምር እኛ ነን፤ እንዲህም ከሆነ ርኅራኄ በማንም ልብ ብትበቅል ዘሪዋ አንድ ነው። ከአጥራችን ውጭ የበቀለችውን ርኅራኄ አይተን ቅንዓት የሚይዘን እንደ ሆነ፥ የምንቀናው ስለ እግዚአብሔር ክብር ሳይሆን ስለ ማኅበራችን ስም ነው።

ነገር ግን ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ሰው መሆን ለመርዳት የሚበቃ ከሆነ፥ ሰዎች ሆነን ሳለን ስለ ምን አልፈን እንሄዳለን? በሰንበት ጠዋት በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ዙሪያ ቆመህ ተመልከት። በአንድ ወገን ባለ መስተዋት ፎቆችና ቡና ቤቶች አሉ፤ በሌላው ወገን ዕውሮችና እግራቸው ያበጠ ሽማግሎች፥ ሕፃንም ያዘሉ ሴቶች በአጥሩ ሥር በተርታ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የምናልፈው እኛ እጅና እግር የጎደለን አይደለንም፤ ቁራሽ እንጀራም አላጣንም። የጎደለን ሌላ ነው። ሰልችቶናል፥ እንፈራለን፥ ከሁሉም ይልቅ እንጸየፋለን። ሰው መሆን ለመርዳት ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን መሰልቸትም መፍራትም መጸየፍም ሰው መሆን ናቸው።

ስለ መጸየፍ ሰዎች ብዙ አይናገሩም፥ ነውር ይመስላቸዋልና። እኔ ግን እናገራለሁ። አንድ ቀን ከጎዳና የተነሣ ሽማግሌ ሲታጠብ ለመርዳት እጅጌዬን ጠቅልዬ ቀረብሁ። ልብሱ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበርና ለብ ባለ ውኃ እየራሰ ቀስ በቀስ ይላቀቅ ነበር። ሽታው ከበደኝ፥ ፊቴንም አዞርሁ። ሽማግሌው ይህን አየ። ምንም አላለኝም፤ ነገር ግን እርሱም ፊቱን ከእኔ አዞረ። በዚያች ሰዓት ሰው መሆኔ አልበቃኝም። አጠገቤ የነበረች አንዲት ወጣት ግን፥ ምን እንደምታምን እስከ ዛሬ አላውቅም፥ «አባባ፥ ውኃው አቃጠለዎት?» እያለች እግሩን በእጅዋ ይዛ ታጥብ ነበር።

በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ጌታችን ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር፥ ለተራበውና ለታረዘው የተደረገው ለእርሱ እንደ ተደረገ ይነግረናል። እኛ ሰባክያን ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ እንጠቅሰዋለን፤ አንዱን ነገር ግን እንዘለዋለን። ጻድቃኑ ራሳቸው ይደነቃሉ። ጌታን መቼ እንደ ረዱት አያውቁም። ሒሳብ ይዘው አልሰጡምና፥ የተራበውን ሲያበሉ በዓይናቸው ፊት የነበረው የተራበው ሰው ብቻ ነበር። እንግዲህ እምነት ድኃውን ወደ ሰማይ መውጫ መሰላል አድርገን እንድንረግጠው አላዘዘንም። እምነት ለእኔ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ የሸሸሁት ፊት የማን ፊት እንደ ነበረ ነገረኝ፥ የምመለስበትንም መንገድ አሳየኝ። በማግስቱ ወደዚያ ሽማግሌ ሄድሁ። የሄድሁት ደግ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ ያ ምዕራፍ ሌሊቱን እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ነው። ሽታው ያው ነበር። ፊቴን ግን አላዞርሁም።

ስለ ምጽዋትና ስለ ነፍስ ከተነሣ፥ ስለ እናቴ ልንገርህ። እናቴ በየወሩ በ27 ቀን ስለ መድኃኔ ዓለም ድፎ ዳቦ ጋግራ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን ታካፍል ነበር። እኔ ከሚስዮን ትምህርት ቤት በተመለስሁ ጊዜ ጐልማሳ ነበርሁ፥ አፌም ስለታም ነበር። ዳቦውን በመሶብ ስታስተካክል አግኝቼ፥ ምጽዋት ነፍስን አያድንም፥ የሚያድን ጸጋ ብቻ ነው ብዬ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠኋት። እስክጨርስ ታገሠችኝ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ እኔ ስለ ነፍሴ ብዬ እሰጣለሁ፤ አንተስ ስለ ምን ብለህ ነው የማትሰጠው?» አለችኝ።

መልስ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎአል፥ እርስዋም ዐርፋለች፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር አለ። እውነት ነው፥ ነፍሱን በምጽዋት ለመግዛት የሚያስብ ሰው የማይቻል ንግድ ይነግዳል። ነገር ግን ከዚህ ንግድ ነፃ የወጣ ሰው እጁ የበለጠ ሊፈታ ይገባው ነበር። ጸጋ ነፃ ያወጣኝ ከሒሳብ ነበር፤ እኔ ግን ከመስጠት ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ደግሞም ክሴ በእናቴ ላይ ልክ አልነበረም። ስለ ነፍስዋ ብቻ የምትሰጥ ሴት የለማኙን ስም ለማወቅ ምን ያደክማታል? እርስዋ ግን ሁሉንም በየስማቸው ታውቃቸው ነበር፤ የዕውሩ ሽማግሌ መሪ ልጅ ታሞ በቀረ ጊዜ ያለበትን ጠይቃ የሄደች እርስዋ ናት። እኔ በዚያ ደጅ ከነበሩት የአንዱን ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ በእኛው ቤት የተደረገውን ልናገር። በከተማው ምሥራቅ ክፍል፥ ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት ጉባኤ ለድኆች በሳምንት አንድ ቀን ዳቦና ሻይ ታድል ነበር፤ ሰባኪውም እኔ ነበርሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፤ አስቀድሞ አንድ ሰዓት ስብከት ይሰማል፥ ከዚያ በኋላ ለሰማው ሁሉ ወረቀት ይታደላል፥ ወረቀት ያለው ዳቦ ይቀበላል። በዓመቱ መጨረሻ የሰሚዎችን ቍጥር ስንጽፍ ብዙ ነበርና ደስ ይለን ነበር። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ወረቀትዋን ስትቀበለኝ፥ «ልጄ፥ ዳቦው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ስብከትህን በሰማሁት ነበር፤ እስከ አሁን የሰማሁት የሆዴን ድምፅ ነው» አለችኝ። ይህን በሽማግሎች ጉባኤ ባነሣ፥ አንዱ ወንድም ጌታም በምድረ በዳ አስቀድሞ አስተማረ፥ ኋላ አበላ ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ አስተምሮ አበላ። ነገር ግን ትምህርቱን ያልሰማው ከሣሩ ላይ ይነሣ አላለም፤ ወረቀትም አላደለም። ያበላቸው ስለ ራባቸው ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሥርዓቱን ለወጥን። ዳቦው ቀደመ። ከበሉትም እኩሌቶቹ ስብከቱን ሳይሰሙ ሄዱ፥ የሰሚዎቻችንም ቍጥር አነሰ። ያች ባልቴት እንኳ አልቆየችም፤ ዳቦዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች፥ የልጅ ልጅዋ በቤት ይጠብቃት ነበርና። ጥቂት ወንድሞች ይህን እንደ ኪሳራ ቈጠሩት። እኔ ግን ከዚያ ቀን በፊት የምንሰጠው ዳቦ ስጦታ እንዳልነበረ አወቅሁ፤ በአንድ ሰዓት ዝምታ እንሸጠው ነበር።

ከዚህ የተነሣ ግን ስብከትን ትተን ዳቦ ብቻ እንስጥ የምል እንዳይመስልህ። ይህም ሌላው ስሕተት ነው፥ በአገራችንም ጥርት ያለ መልስ የተሰጠው ከ50 ዓመት በፊት ነው። በጥር 1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። በዚያ ዘመን በባሕር ማዶ ያሉ ባለጠጎች አብያተ ክርስቲያናትና የርዳታ ድርጅቶቻቸው ለሆስፒታል፥ ለትምህርት ቤትና ለእርሻ ልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለጋሶች ነበሩ፤ ለስብከተ ወንጌል ሲጠየቁ ግን እጃቸውን ያጥፉ ነበር። ደብዳቤው ይህን መለያየት ተቃወመ፤ ሰው አንድ ነው፥ ሥጋውን ለአንድ መሥሪያ ቤት ነፍሱን ለሌላ መሥሪያ ቤት ልትከፍሉት አትችሉም የሚል አሳብ የያዘ ነበር። ተቀባይ የነበረች ቤተ ክርስቲያን ለሰጪዎቿ እንዲህ ብላ መጻፏ ድፍረት ነው፤ ብዙ ተቀባይ ዝም ይላልና።

ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። እርሳቸው ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ የተናገሩት ከመጽሐፍ ብቻ ተምረው አይደለም፤ በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል በሕሙማን መካከል ሠርተዋል። ቍስል ያጠበ እጅ ነው ያንን አሳብ የያዘው። በደርግ ዘመንም ስለ እምነታቸው ታሰሩ፤ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ቢዘጋጅላቸውም መንጋቸውን ትተው ለመሄድ እንቢ አሉ። በሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከዑራኤል ጉባኤ ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፥ ተገደሉም፤ የተቀበሩበት ስፍራ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ብዙ ዓመት በእስር ተሠቃዩ።

ነፍስን ከሥጋ ሳይለዩ ማገልገል ግን አዲስ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ ሰባቱ የተሾሙት መበለቶች በዕለቱ ምግብ ስለ ተዘነጉ ነው፤ ዲያቆን የሚለው ስም በግሪክ ቋንቋ አገልጋይ ማለት ነው። ከዚያም በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው፥ በሥዕሎቻችን ቅዱስ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው የምናየው ከሃዲው ንጉሥ ዑልያኖስ፥ ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ ብሎ አዝኖአል። ያ ንጉሥ ወንጌልን አልወደደም፤ ያስጨነቀው ግን ማዕዳቸው ነበር። ከእርሱም ሞት ጥቂት ዓመት በኋላ ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከከተማው ውጭ ለድኆች፥ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ትልቅ መጠለያ ሠራ። የዚያ የኮተቤ ተማሪ ጥያቄ በዚያ ዘመን ቢጠየቅ፥ መልሱን ጠላት እንኳ ይናገረው ነበር። በእኛ ዘመን ግን ማን ይናገርልናል?

አንድ ሰው አውቃለሁ፥ በሕዝብ ሁሉ ፊት የታወቁ ናቸውና ስማቸውን እጠራለሁ፤ ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ወሎ በራብ ተይዞ ነበር። በመንገድ ላይ የሞተች እናቱ አጠገብ የነበረ ሕፃን አይተው አነሡት፥ ወደ አዲስ አበባም ይዘውት መጡ። ኋላም ሌሎች ተጨመሩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ስለ እነርሱም ትዳራቸውንና ቤታቸውን ለቀው ለዶሮ በተሠራ ደሳሳ ቤት ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። ከዚያች ደሳሳ ቤት የተነሣው ድርጅት ለብዙ ወላጅ አጥ ልጆች ቤት ሆነ። በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ 40 ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ጸኑ።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር ያ ካህን ትዝ ይለኛል። ካህኑም ከኢየሩሳሌም፥ ከመቅደስ አገር ይወርድ ነበር፤ ወይዘሮ አበበችም ስለ ጸሎት የወጡ ሰው ነበሩ። ሁለቱም በቅዱስ መንገድ ላይ ናቸው፥ በሁለቱም ፊት የወደቀ ሰው አለ። እንግዲህ ከመቅደስ መውጣት ሰውን አያደነድነውም፥ አያራራውምም ማለት ነውን? እኔ እንዲህ ይመስለኛል። ለአንድ ቀን ለመርዳት ሰው መሆን ይበቃል፤ ያን ሕፃን አይቶ ለማልቀስ ሰው መሆን ይበቃል። ለ40 ዓመት ግን የሚበቃው ምንድር ነው? ያለ እምነት ማንም አይጸናም ብዬ አልፈርድም፥ የጸኑ አይቻለሁና። ስለ ራሴ ግን አውቃለሁ፤ በራሴ ደግነት ብቻ የጀመርሁት ነገር ሁሉ ክረምት ሲገባ ያልቃል። ሐዋርያው በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ የጥንቶቹን የመቄዶንያ ሰዎች ያመሰገነው ባለጠጎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ በድህነታቸው ሳሉ ለመስጠት ስለ ለመኑ ነው፥ አስቀድመውም ራሳቸውን ለጌታ ስለ ሰጡ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለአያቱ መቄዶንያ ሕንፃ ማስፈጸሚያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ብዙ ያለውም ጥቂት ያለውም ሲሰጥ አይቼ ያን ምዕራፍ አስታወስሁ።

ምናልባት አንተ፥ ለማኞች ብዙዎቹ አታላዮች ናቸው ትለኝ ይሆናል። አንዳንዶቹ ናቸው። በመኪና መብራት ላይ ሕፃን ይዛ የምትለምነው ሴት ሕፃኑን ተከራይታው ይሆናል ይባላል። እኔም ተታልዬ አውቃለሁ። ነገር ግን ለማኝ ያታለለኝን ገንዘብ ሁሉ ብደምረው፥ እንዳልታለል ፈርቼ ያስቀረሁት ይበልጣል። የማይሠራ አይብላ የሚለውንም ትእዛዝ በተዘጋ ቦርሳችን ላይ እንደ ቍልፍ አናድርገው፤ ሐዋርያው የተናገረው ሥራ ሳለ ለመሥራት እንቢ ላሉት ነው፥ ሥራ ፈልገው ላጡት አይደለም።

ከዚህ የሚከብድ ነገር ደግሞ አለ፥ እርሱም በደጅ ካለው ድኃ ይልቅ በቤታችን ያለው ድኃ ነው። በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሰሚትና በሲኤምሲ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ ሌሊት በር የሚጠብቅ ዘበኛና ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አላቸው። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የድኃው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ታዝዞአል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በ5ኛው ምዕራፍ የተከለከለ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል። የመንግሥት ሕግ በዚህ ነገር ብዙ አይረዳትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በወጣ ጊዜ በሰው ቤት የሚደረግ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ ቀርቶአል። ስለዚህ የሥራዋን ሰዓት፥ የዕረፍትዋን ቀን፥ የደመወዝዋንም ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስን የባለቤቱ ኅሊና ነው። በሰንበት በካቴድራሉ ደጅ የሚያድለውን ብር ከሠራተኛው ደመወዝ ያስቀረ ሰው፥ ምጽዋቱን የሰጠችው ማን ናት? ያች ልጅ ናት፤ ስሙ ግን የእርሱ ሆነ።

ይህን ጽሑፍ በምጽፍበት ወራት እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በእኔም ቤት አንዲት ልጅ ነበረች፥ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ኖራለች። ደመወዝዋን በቀኑ እከፍላታለሁ፥ አልተቈጣኋትም፥ ስለዚህም ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይ ነበር። ነገር ግን በመጣች በሦስተኛው ወር፥ የማታ ትምህርት መግባት እፈልጋለሁ ብላን ነበር። እኔና ባለቤቴ ለከርሞ አልናት። ሲከርምም እንግዳ ስለሚበዛብን ለከርሞ አልናት፤ እንግዶቹም ስለ ድኆች ርዳታ ለመመካከር የሚመጡ ወንድሞች ነበሩ፥ ቡናውን የምታፈላልን እርስዋ ነበረች። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችንም። ይህን ለባለቤቴ ባነሣባት፥ «እኔ አስታውሼው ነበር፤ አንተ እስክታስታውስ ጠበቅሁ» አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት ግን፥ «ወጡን ማን ይሠራ ነበር?» ብላ ሣቀች፥ ሣቅዋም ደስ የሚል አልነበረም።

ባለፈው መስከረም ተመዘገበች። አሁን በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ደብተርዋን ይዛ ትወጣለች፤ እኔ ሽንኵርት እከትፋለሁ፥ ባለቤቴ ወጡን ትሠራለች፥ የሚመጡትም ወንድሞች ቡና ካማራቸው ራሳቸው ይቈላሉ።